«አንድ የሚሰቀል ፎቶ የለሽም?» ያገለገለ ካሜራ የገዛሁበት ታሪክ

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። የልጄን ሁለተኛ ዓመት ልደት ካከበርን በኋላ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው ፎቶ ጠየቀችኝ። ስልኬን አወጣሁ። ከሦስት ሺህ በላይ ፎቶ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል በጣቴ ሳንሸራትት ቆየሁ። አንዱ ብዥ ብሏል። አንዱ ላይ ልጅቷ ፊቷን አዙራለች። አንዱ ላይ ነጭ ቀሚሷ ፏ ብሎ ፊቷ ጨልሟል። እማዬ ቡናዋን እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝና «ቀኑን ሙሉ ስታነሺ ትውያለሽ፤ አንድ የሚሰቀል ፎቶ የለሽም?» አለችኝ።

የለኝም።

ያን ሰሞን ካሜራ ለመግዛት ወሰንኩ። በፊት በፊት የካሜራ ነገር ሲነሳ አእምሮዬ ውስጥ የሚመጣው ረጅም ዙም ነበር፤ ያ ሠርግ አንሺዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መድፍ የሚያክል ነገር። ከዚህ ሐሳብ ያወጡኝ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው። በፊልም ዘመን ሥራ የጀመሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄጄ «ጋሼ፣ ካሜራ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» አልኳቸው። የካሜራ ስም ይጠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ «እስቲ መጀመሪያ የተበላሹብሽን ፎቶዎች አሳዪኝ» አሉኝ።

«ጥሩዎቹን አይደል?»

«ጥሩዎቹማ ወጥተዋል፤ ምን ካሜራ ያስፈልጋቸዋል? የተበላሹትን።»

እዚያው ቁጭ ብዬ 40 የተበላሹ ፎቶዎች መረጥኩ። ጋሼ እያንዳንዱን እያዩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመሩ። 23ቱ ቤት ውስጥ ወይም ማታ የተነሱ ናቸው፤ ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ብዥ ብላለች። በ11ዱ ሰውየው ነጭ ለብሷል ወይም መስኮት ፊት ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል። 4ቱ ከሩቅ በስልኩ ዙም ተስበው የተበጣጠሱ ናቸው። 2ቱ ላይ የሚታየው የራሴ ጣት ነው። «ይሄንን የሚያስቀር ካሜራ ገና አልተሠራም» አሉኝ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እያሳዩኝ።

መድፍ የሚያክለው ዙም የሚፈታልኝ 4ቱን ብቻ ነበር ማለት ነው። ካሜራ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ይህችን ቆጠራ አድርጉ። ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። የእናንተ ቁጥር ከእኔ ሊለይ ይችላል። ለወፍና ለአውሬ የሚጓዝ ሰው ምናልባት ሠላሳዎቹ የሩቅ ይሆኑበታል። ያኔ የሚገዛውም ሌላ ነው።

እነዚያ 23ቱ ለምን ተበላሹ? ቤታችን ውስጥ ማታ አንድ አምፖል ነው ያለው። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ፎቶውን ለማብራት መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ይከፍተዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት እንኳን ዝም ብላ አትቆምም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስና ከስልክ በጣም የሚሰፋ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ነው። ሜጋፒክስል ችግሬ አልነበረም። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ያወጣል፤ ይህ 45 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በጥራት ለማሳተም ይበቃል። 18 ሜጋፒክስል ያላቸው የድሮዎቹም ለዚያ መጠን አያንሱም። ሻጭ «ይሄኛው እኮ ሜጋፒክስሉ ብዙ ነው» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ ሌላውን ጠይቁ።

የያዝኩት 60 ሺህ ብር ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። አዳዲሶቹን ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች፣ እነ ካኖን አር50ን፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ጨበጥ አድርጌ መለስኩ። ደስ ይላሉ፤ በቃ። የእኔ ዕቃ ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ ነው። ደግነቱ የካሜራ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ ባለመስታወቶቹ ዲኤስኤልአሮች ረክሰዋል። እኛ ደግሞ ከእነሱ የምንፈልገው የልጅና የአያት ፎቶ ነው።

ሦስት ካሜራ ላይ አተኮርኩ። ሶኒ ኤ6000 አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትንሽዬ ሚረርለስ ነው፤ ክብደቱ ከነባትሪው 344 ግራም ብቻ። የሥራ ባልደረባዬ ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። ፈጣን ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይረሳል። ግን ባትሪው 360 ፎቶ ገደማ ነው የሚያነሳው፤ ሌንሱ ደግሞ እዚህ ሲገኝ ይወደዳል። ሁለተኛው ኒኮን ዲ5300 ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ ጉድ አለው። ሦስተኛው ካኖን 200ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ከነባትሪውና ካርዱ 453 ግራም። ስክሪኑ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ ሲነኩትም ይሠራል። ይህ ለልጅ ፎቶ ትልቅ ነገር ነው። መሬት ላይ ሳትተኙ ካሜራውን በልጅቷ ዓይን ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነካ ስታደርጉ ፎከሱ እዚያ ላይ ይይዛል። ከእሱ የረከሰው 600ዲ ግን በስክሪን ሲያነሱበት ፎከሱ ይንቀረፈፋል፤ ልጅቷ ክፍሉን ዞራ ትጨርሳለች።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልንገራችሁ። ካኖን አንዱን ካሜራ በተለያየ አገር በተለያየ ስም ነው የሚሸጠው። 200ዲ አሜሪካ ውስጥ ሬቤል ኤስኤል2 ይባላል፤ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ9። ሦስቱም አንድ ዕቃ ናቸው። 600ዲ ደግሞ ሬቤል ቲ3አይ ወይም ኪስ ኤክስ5 ነው። ለእኛ የሚደርሱን ያገለገሉ ካሜራዎች ከየአገሩ ስለሚመጡ አንዱ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን በተለያየ ዋጋ ተቀምጠው አይቻለሁ። ሻጩ «ኤስኤል2 ከ200ዲ ይበልጣል» ሲለኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

አሁን ወደ ኒኮኑ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ይሄ አዲስ ማለት ነው፤ ሦስት መቶ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳው» ብሎ የፎቶውን ቁጥር አሳየኝ። 0312 ይላል። ዋጋው ጥሩ ነው። በዚያ ላይ «50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እጨምርልሻለሁ» አለኝ። ልቤ ቀለጠ። ቀብድ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት የጋሼ ምክር ትዝ አለኝ፤ «የራስሽን ሜሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ፤ አንድ ፎቶ አንሺበትና ቤትሽ ገብተሽ እይው።» አነሳሁ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ማታ ፎቶውን የሹተር (የመዝጊያ) ቆጠራ የሚያነብ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። ኒኮን እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ካሜራው እስከዚያ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ይጽፋል፤ ዓይን አያየውም እንጂ። 74 ሺህ ይላል። የፎቶ ስም ላይ ያለው ቁጥር እኮ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ነው የሚጀምረው፤ ሰውም በእጁ ሊመልሰው ይችላል። የዚህ ካሜራ ሹተር የተፈተነው ለ100 ሺህ ነው። 74 ሺህ ያነሳ ካሜራ የሞተ ካሜራ አይደለም፤ በዋጋው ቢሸጥልኝ ልገዛውም እችል ነበር። «አዲስ ነው» መባሉ ነው ያናደደኝ። ሌንሱም ጣጣ ነበረው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲ» የሚል ያለበት የድሮው 50 ነው። ዲ5300 ውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም፤ ስለዚህ ያ ሌንስ እሱ ላይ ራሱ ፎከስ አያደርግም። በእጅ እያዞርኩ ልጅ ላሳድድ ማለት ነው። ኒኮን የምትገዙ፣ በእነዚህ አነስተኛ ካሜራዎች ላይ ሌንሱ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» የሚል መሆን አለበት።

በመጨረሻ 200ዲውን ከአንድ ሠርግ አንሺ ገዛሁ። ካኖንን የመረጥኩት ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም። የማውቃቸው አንሺዎች አብዛኞቹ ካኖን ይዘዋል፤ ሌንስ ልዋስ ብል አላጣም፤ ቢበላሽም የሚጠግን ሰው አለ። ስገዛ ያየሁት ይህን ነው፦ ሌንሱን አውልቄ በስልክ ባትሪ ብርሃን ውስጡን ተመለከትኩ። ክረምቱን እርጥብ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ልክ እንደ ሸረሪት ድር ክር ክር ይላል። ትንሽ አቧራ ችግር የለውም፤ ሻጋታ ካየሁ ግን ጥዬ እሄዳለሁ። ከዚያ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጌ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ነጭ ግድግዳ አነሳሁ፤ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። አብሮት ያለው ቻርጀር ኦርጅናል መሆኑን አየሁ። «የመጨረሻ ስንት?» ተባባልን። ተከራክሬ ለአንድ ሌንስ የሚሆን ብር ተረፈኝ።

እዚህ ላይ እኔው ራሴ ተሸወድኩ። ሰው ሁሉ «50 ኤፍ 1.8 ግዢ» ይላል። እውነት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብርሃን ይጠጣል። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው፤ ባለ 1.8ቱ ከእሱ ወደ አስር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ገዛሁት። ቤት ገባሁ። ሳሎን ውስጥ አክስቴ፣ ባሌና ልጄ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራውን ሳነሳ የአክስቴ ግማሽ ፊትና የባሌ ትከሻ ገባ። ወደ ኋላ ሄድኩ። ፍሪጁ ጀርባዬን ነካኝ። አሁንም አልበቃም። በሩን ከፍቼ ኮሪደር ላይ ወጣሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ «ምን ሆናችሁ?» አለኝ።

ሒሳቡን በኋላ ነው የሠራሁት። የዚህ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ የሚይዘው ስፋት 1 ሜትር ከ30 ብቻ ነው። ሁለት ሰው፣ ተጠጋግተው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ አያስኬድም። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያው ሦስት ሜትር 2 ሜትር ከ80 ይይዛል፤ ሶፋው ሙሉውን ከነሰዎቹ።

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ካኖን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ያገለገለውን ይዛልኝ መጣች። ይህ ሌንስ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ 125 ግራም። የሚያስገባው ብርሃን የ50ውን ያክል አይደለም፤ ከ18-55ቱ የሚበልጠው በእጥፍ ገደማ ነው። እኔ ግን አሁን ከአስር ፎቶ ስምንቱን በእሱ ነው የማነሳው። ካሜራው ጋር ሆኖ 600 ግራም አይሞላም፤ ከልጅ ዳይፐርና ጡጦ ጋር አንድ ቦርሳ ይገባል። በጠባብ ቤት የምትኖሩ ከ50ው በፊት ይሄኛውን ግዙ። 50ውን አልሸጥኩትም፤ ከቤት ውጭ የሰው ፊት ለማንሳት የሚያክለው የለም።

አነሳሱ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ቤት ውስጥ ለልጅ መደወያውን «ቲቪ» (የመዝጊያውን ፍጥነት ራሴ የምመርጥበት) ላይ አደርግና 1/200 ሰከንድ እሰጠዋለሁ፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን መጠን፣ አውቶ አድርጌ ጣሪያውን 6400 ላይ አቆመዋለሁ። ፎቶው ትንሽ እንደ አሸዋ ይፈጫል። ይፍጭ። ፈጭቶ ከጠራ ፊት ይልቅ ለስልሶ ብዥ ያለ ፊት ነው የሚያናድደኝ። ብዙ ሰው በአንድ ፎቶ ሲኖር ደግሞ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱት። በ1.8 ስታነሱ ፊት ያለው ይጠራና ኋላ የቆሙት አጎቶች ይደበዝዛሉ፤ አጎቶች ደግሞ ይቀየማሉ። ኤፍ 4 ወይም 5.6 ይበቃል።

እነዚያ 11 የጠቆሩ ፊቶችስ? ይህኛው የእኛ የሐበሾች ችግር ነው፤ የውጭ ሰዎች ብዙም ሲያወሩበት አልሰማም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። የበዓል ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ነጠላና ነጭ ቀሚስ ለብሶ ፍሬሙን ሲሞላው «ኧረ ይሄ በጣም በራ» ብሎ ይቀንሰዋል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ፊታችን ደግሞ ይጨልማል። መፍትሔው አንዲት ቁልፍ ናት። 200ዲ ጀርባ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ከላይ ያለውን ጎማ ወደ +1 ታዞራላችሁ። በቃ። ፊት ይወጣል፣ ነጠላው ይነጣል። እንደ ጥለቱና እንደ ብርሃኑ አንዳንዴ +0.7 ይሻላል። ለዚህ እንኳን አዲስ ካሜራ አያስፈልግም ነበር፤ ስልክም ላይ ፊቱን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ላይ መሳብ ይቻላል። ማን ነገረኝ?

የመጀመሪያ ጉዟችን ሐዋሳ ነበር፣ 275 ኪሎ ሜትር። ባልደረባዬ 55-250 ዙም ሌንስ አዋሰኝ፤ ውስጤ ያለው የመድፍ አምሮት ገና አልሞተም ነበር። ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየፈቱ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ እንደ ሽማግሌ ኮት የለበሱ መስለው፣ የዓሣ ጭንቅላት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ዙሙን ገጠምኩ። አንዱ አባ ኮዳ ሁለት ሜትር ላይ መጥቶ ቆመ። ዙሙ ውስጥ የሚታየኝ ምንቃሩ ብቻ ነው! አውልቄ ቂጣዋን መለስኳት፤ ወፉ፣ ልጄ፣ ጀልባውና ሐይቁ አንድ ላይ ገቡ። ልጄ ፈርታ እግሬን ይዛለች፤ እጇ ፎቶው ጥግ ላይ ይታያል። ዙሙ የጠቀመን በጀልባ ጉማሬ ልናይ ስንሄድ ነው። ጠቅላላ 6 ፎቶ። ጉማሬ ቀርቦ መነሳት ስለሌለበት ተውሼ መሄዴ ልክ ነበር፤ ገዝቼው ቢሆን ግን ይቆጨኝ ነበር። እዚያ ሌንስ ስቀያይር ነፋሱን በጀርባዬ ከልዬ ካሜራውን አፉን ወደ ታች አድርጌ ነው። አቧራ ሴንሰር ላይ ከገባ እያንዳንዱ ሰማይ ላይ ነጠብጣብ ነው።

አንድ ያስለቀሰኝን ነገር ደግሞ ስሙ። ለጉዞው ብዬ ርካሽ ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ነበር። ሆቴል ገብቼ ሳየው የጠዋቱ ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ያሉት ግን ስማቸው እንጂ ምስላቸው የለም። 64 የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 64 አልነበረም። የውሸት ካርድ የያዘው መጠን ሲሞላ ዝም ብሎ የሚቀበል መስሎ ይጥላል። ከገዛችሁ በኋላ ቤት ውስጥ በቪዲዮ እስከ ጫፉ ሙሉት፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡና የመጨረሻው ፋይል መከፈቱን እዩ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞ። እኔ አሁን በሁለት ትንንሽ ካርዶች ነው የምሄደው።

ፎቶ ማድረስም አለ። 200ዲ ዋይፋይ ስላለው በካኖን መተግበሪያ ቀጥታ ስልኬ ላይ አወርደዋለሁ። ለቤተሰብ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ነው የምልከው። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ አጎቴ ያንን የተጨመቀ አሳትሞ «ካሜራሽ አይረባም» ብሎኛል።

የእማዬ ፎቶ የተነሳው እሷው ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት፣ ጥላ ሥር፣ ልጄ ጭኗ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች። በተሰደበው 50 ሌንስ፣ +1 ላይ። ከኋላ የነበረው የውኃ ታንከርና የልብስ ገመድ ደብዝዞ ጠፍቷል። ጋሼ 45 በ30 አድርገው አተሙልኝ፤ ሲሰጡኝ ለአፍታ አየት አድርገው «ዓይኑ ጠርቷል» ብቻ አሉ። እማዬ ሳሎኗ ውስጥ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣና ሲያደንቅ «ፎቶ ቤት ሄደን ነው የተነሳነው» ትላለች። አላረምኳትም።